ለአንድ ሌሊት የሚያብበው ካክተስ፦ ከቁራጩ እስከ አበባው

«የሌሊት ንግሥት» የሚሉት ካክተስ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኤፒፊለም ኦክሲፔታለም፣ ለማሳደግ የሚያስቸግር ተክል አይደለም። እንዲያም ሆኖ ዓመታት ቆይቶ አንድ እምቡጥ ያላሳየ፣ ወይም በአንድ ክረምት ሥሩ በስብሶ ያለቀ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ካክተስ ስለተባለ ብቻ እንደ ቁልቋል ወይም እንደ በለስ ይያዛል። ቀትር ፀሐይ ላይ ይውላል፣ አሸዋ ይሞላለታል፣ ውሃ ይነፈገዋል። ሌላው ደግሞ በጓሮ አፈር ተክሎ በየማለዳው ያጠጣዋል። ሁለቱም ይገድሉታል።

ተክሉ የበረሃ አይደለም። አገሩ ከደቡብ ሜክሲኮ ጀምሮ በመካከለኛው አሜሪካ ያሉ ሞቃትና እርጥብ ደኖች ናቸው። እዚያ የሚበቅለው በዛፍ ላይ ነው። ዛፉን አይመጠውም፤ በቅርንጫፎች መጋጠሚያ ላይ በተጠራቀመ የበሰበሰ ቅጠልና የዛፍ ሽበት ውስጥ ሥሩን ሰድዶ ይንጠለጠላል። ዝናቡ ሥሩን ያርሰውና ወዲያው ይወርዳል፤ ነፋስ ያገኘዋል፤ ፀሐይ የምትደርሰው በቅጠል ተጣርታ ነው። ከዚህ በታች ስለ አፈር፣ ስለ ብርሃንና ስለ ውሃ የምለው ሁሉ የሚነሣው ከዚህ አኗኗር ነው።

መጀመሪያ የያዛችሁት ተክል እሱ መሆኑን አረጋግጡ። ቅጠል የሚመስለው በእውነቱ ግንድ ነው፤ ጠፍጣፋ፣ ወርዱ እስከ 10 ወይም 12 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ዳር ዳሩ እንደ ሞገድ የሚጎብጥና በየጉድጓዱ ትንሽ ነጥብ ያለበት። በሰል ያለው ግንድ እሾህ የለውም። ግንዱ ሦስት ማዕዘን ሆኖ በየጥጉ እሾህ ካለው ድራገን ፍሩት የሚባለው ሌላ ካክተስ ነው፤ እሱም በሌሊት ያብባል፣ አያያዙ ግን ይለያል፣ ፀሐይም የበለጠ ይፈልጋል። በኢንተርኔት ሰማያዊ፣ ሐምራዊና ጥቁር አበባ ያወጣል እየተባለ የሚሸጠውን ዘር አትግዙ። የዚህ ተክል አበባ ነጭ ብቻ ነው። ቀይና ብርቱካናማ የሆኑት ዲቃላ ዝርያዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ቀን የሚከፈቱ ሲሆኑ አበባቸው ከአንድ ቀን በላይ ይቆያል። ከዘር ከማሳደግም ቁራጭ መትከል ይሻላል፤ ከዘር የተነሣ ተክል እስኪያብብ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል።

ቁራጩን ካበበ ተክል ላይ፣ ካለፈው ዓመት ወይም ከዚያ በፊት ከበቀለ ጠፍጣፋ ግንድ ውሰዱ። ከ15 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። እንዲህ ያለው ቁራጭ በደንብ ከተያዘ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ያብባል። ከለጋ ግንድ የተወሰደው ሥር ቢያወጣም ለረጅም ጊዜ ግንድ ብቻ ሲያበዛ ይቆያል። ቢላዋውን በአልኮል ጠርጉት። እንደቆረጣችሁ የታችኛውን ጫፍ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት፤ ከቀናት በኋላ የትኛው ወገን ታች እንደነበረ በዓይን መለየት ያስቸግራልና፣ ተገልብጦ የተተከለ ቁራጭ ደግሞ ጊዜ ያባክናል። ከዚያ ጥላና ደረቅ ቦታ ላይ ከ7 እስከ 10 ቀን አስቀምጡት፤ በክረምት ሁለት ሳምንት። የተቆረጠው ቦታ ደርቆ ቡናማ ሽፋን መያዝ አለበት። ይህን የዘለለ ሰው ቁራጩ ከአፈሩ ጋር ከተገናኘበት ቦታ ሲጠቁር ያየዋል።

ሲተከል 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይግባ። ጠልቆ የገባው ክፍል ይበሰብሳል። ቆሞ እንዲቆይ ከቀጭን እንጨት ጋር አላልታችሁ እሰሩት፤ የሚወዛወዝ ቁራጭ አዲሱን ሥር ይበጥሳል። አፈሩ ሲተከል ለስለስ ያለ እርጥበት ይኑረው እንጂ ለአንድ ሳምንት ውሃ አይጨመር። ሙቀቱ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ከሆነ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ሥር ያወጣል። በጣት ቀስ ብላችሁ ስትስቡት እምቢ ካለ ሥር ይዟል። ሦስት ቁራጮችን በአንድ 15 ሳንቲ ሜትር መትከያ ውስጥ አብሮ መትከል እመርጣለሁ፤ ሥሮቹ ቦታውን ቶሎ ስለሚሞሉት አፈሩ ለረጅም ጊዜ እርጥብ ሆኖ አይቀመጥም።

ቁራጭ ከውጭ አገር በሻንጣ ይዞ መምጣት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የካክተስ ቤተሰብ በጥቅሉ ለአደጋ በተጋለጡ ዝርያዎች ንግድ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ውስጥ ተመዝግቧል፤ በተጨማሪም ሕያው ተክል የጤና ምስክር ወረቀት ይፈልጋል። ወረቀቱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በትግራይ ለቀለም ምርት ተብሎ የገባው ኮቺኒል የተባለ ነፍሳት በበለሱ ላይ ያደረሰውን ጉዳት ማስታወስ ይበቃል። አገር ውስጥ ካለ ሰው ቁራጭ መለመን ከሁሉ ይቀላል፤ አንድ ያደገ ተክል ለብዙ ሰው ይተርፋል።

አፈሩ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ ሌላው ሁሉ በኋላ ሊስተካከል ይችላል፣ የታፈነ ሥር ግን አይመለስም። የጓሮ ቀይ አፈር በመትከያ ውስጥ ሲረጥብ ይጠጥራል። መረሬ ከሆነማ የባሰ ነው፤ ሲረጥብ ውሃውን ይዞ ይቀራል፣ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ሥሩን ይበጥሳል። እኔ የምጠቀመው ድብልቅ በጣሳ ሲለካ 2 ጣሳ በደንብ የበሰለ የቅጠል ብስባሽ፣ 2 ጣሳ ሬድ አሽ እና 1 ጣሳ የተሰባበረ ከሰል ነው። ሬድ አሹ ለግንባታ የሚወርደው ያው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው። በወንፊት ተነፍቶ ዱቄቱ ይወገዳል፤ የሚፈለገው ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያለው ነው። ዱቄቱ ከቀረ የጠጠሩን ክፍተት ይደፍናልና ልፋታችሁ ከንቱ ይሆናል። ፑሚስ የሚባለውን ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ካገኛችሁ በሬድ አሹ ፋንታ ይሆናል፤ እንዲያውም ቀለል ስለሚል ለሚንጠለጠል መትከያ የተሻለ ነው። ከሰሉ አመዱ እስኪለቅ ይታጠብ። ተክሉ ትንሽ ወደ አሲድ ያደላ፣ ፒኤች ከ5.5 እስከ 6.5 የሆነ አፈር ይወዳል፤ አመድ ደግሞ ወደ ሌላኛው አቅጣጫ ይጎትተዋል። ያልበሰለ ፍግ አታስገቡ፤ ሥር ያቃጥላል።

በአሜሪካና በአውሮፓ ላሉ፣ ለኦርኪድ የሚሸጠው የዛፍ ቅርፊት፣ የተለመደው የመትከያ አፈርና ፐርላይት የሚባለው ነጭ ቀላል ጠጠር በ2፣ በ2 እና በ1 ተደባልቆ ያንኑ ሥራ ይሠራል። «ለካክተስ» ተብሎ የታሸገው አፈር ለብቻው ለዚህ ተክል ቶሎ ይደርቃል።

ድብልቁን ሳትተክሉበት ፈትኑት። መትከያውን ሙሉና አንድ ሊትር ውሃ አፍስሱበት። ውሃው ላይ ላዩን ሳይቋጥር ወዲያው ሰርጎ ከሥር መውረድ አለበት። ቆሞ ከቀረ ጠጠር ጨምሩ። ከመትከያው ሥር የድንጋይ ንጣፍ ማድረግ ብዙዎች የሚያደርጉት ነገር ቢሆንም ጥቅም የለውም፤ ውሃው ከድንጋዩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ይቀመጣል። ቀዳዳው ላይ ቁራጭ መረብ ይበቃል።

መትከያው ጠበብ ይበል። ላደገ ተክል ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት በቂ ነው፤ ሥሩ ትንሽ ሲጨናነቅ ማበብ ይቀለዋል፣ ሰፊ መትከያ ግን ሥር ያልደረሰበት እርጥብ አፈር ያጠራቅማል። ሸክላ ጥሩ ነው፣ ከባድ ስለሆነም ረጃጅሞቹን ግንዶች ይዞ አይወድቅም። በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ አፈሩን ቀይሩ፤ ብስባሹ እየላመ ሄዶ ጭቃ ስለሚሆን ነው። ቅያሬው ማበቡ ካበቃ በኋላ ይሁን።

ብርሃን ላይ የሚደረገው ስሕተት በሁለቱም ወገን ነው። የሚስማማው የማለዳ ፀሐይ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዓት ያህል፣ ከዚያ በኋላ ብሩህ ጥላ ነው። ወደ ምሥራቅ የሚያይ በረንዳ ተመራጭ ነው። በአዲስ አበባና በሌሎች ደጋ ከተሞች የቀትር ፀሐይ ከሙቀቷ ይልቅ ጨረሯ ከባድ ነው፤ ግንዱ መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ ቀላ ያለ ይሆንና በመጨረሻ ነጭ ጠባሳ ያወጣል። ጠባሳው አይድንም። ሌላ ቦታ ከሌለ ግማሽ ያህሉን ብርሃን የሚያስቀር የጥላ መረብ (ሼድ ኔት) ዘርጉ። በጣም ጨለማ የሆነ ቤት ውስጥ ደግሞ እንደ ጅራፍ የቀጠኑ ረጃጅም ክብ ግንዶች ይወጣሉ፤ ጠፍጣፋ ግንድ ካልተሠራ እምቡጥ የሚወጣበት ዳር አይኖርም። «ለምን አያብብም?» ለሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልሱ ይህ ነው።

ውሃ በቀን ቆጠራ አይጠጣም። ጣታችሁን አስገቡና የላይኛው 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ሲደርቅ ከሥር እስኪወርድ አጠጡ፤ ከሥሩ ባለው ሳህን የተጠራቀመውን ድፉ። በሙቀት ወራት ይህ በሳምንት አንዴ ገደማ ይመጣል፣ በብርድ ጊዜ በጣም ይራራቃል። የዝናብ ውሃ ካጠራቀማችሁ እሱ ይሻላል። በክረምት መትከያውን ከጣሪያ ሥር አስገቡት፤ ለሳምንታት ያለማቋረጥ መራስ አይችልም፣ በረዶም ግንዱን ይቦረቡረዋል።

ግንዱ ሲጨማደድ ብዙ ሰው ቸኩሎ ውሃ ያፈስሳል። መጀመሪያ አፈሩን ንኩ። አፈሩ ደረቅ ከሆነ ጠምቶት ነው፣ ከጠጣ በኋላ በቀናት ውስጥ ይሞላል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ግንዱ ከተጨማደደ ግን ሥሩ በስብሷል፤ ውሃ መምጠጥ አልቻለም ማለት ነው፣ የጨመራችሁት ውሃም ያፋጥንበታል። ያን ጊዜ ነቅላችሁ የጠቆረውን ሁሉ ቁረጡ፤ የተቆረጠው ገጽ ንጹሕ አረንጓዴ እስኪሆን ወደ ላይ ቀጥሉ፣ በየቁረጣው ቢላዋውን በአልኮል እየጠረጋችሁ። መሐሉ ላይ ብርቱካናማ ወይም ቡናማ ነጥብ ከቀረ በሽታው አልፎ ሄዷል። የተረፈውን እንደ አዲስ ቁራጭ አድርቃችሁ ትከሉ። በአሮጌ ተክል ላይ ከሥር በኩል ግንዱ ደርቆ እንጨት መምሰሉ ግን የዕድሜ ጉዳይ ነው፣ አትንኩት።

ለማበብ ዕረፍት ይፈልጋል። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ያህል ቀዝቀዝ ያለ ጊዜ፣ ሌሊቱ ከ10 እስከ 14 ዲግሪ፣ ውሃውም ቀነስ ያለ፣ ማዳበሪያ የሌለበት። አዲስ አበባ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ይህ በራሱ ይመጣል፤ እንዲያውም ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድባቸው ሌሊቶች ስለሚበዙ ተክሉን ከግድግዳ ጋር አስጠግቶ ደረቅ አድርጎ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ደብረ ብርሃንን በመሰለ ውርጭ ባለበት ቦታ ቤት ይግባ። ከ5 ዲግሪ በታች ጉዳት ይጀምራል፣ ውርጭ ደግሞ ግንዱን ወደ ውሃነት ይቀይረዋል። ዋሽንግተንና አካባቢው ላላችሁ፣ ከጥቅምት መጀመሪያ ጀምሮ አስገቡት፣ ግንቦት ሲገባ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በላይ መቆየቱን አይታችሁ መልሱት፤ ክረምቱን ከማሞቂያው የራቀ፣ መስኮት ያለው ቀዝቃዛ ክፍል ይስማማዋል። በዱባይና በሪያድ ችግሩ ሌላ ነው፤ በሙቀቱ ወራት ውጭ ማቆየት አይቻልም፣ ቤት ውስጥ ደግሞ የኤሲው ደረቅ ነፋስ እምቡጡን ያረግፋል። ከነፋሱ መንገድ አውጡትና የምሥራቅ መስኮት አጠገብ አድርጉት።

ማዳበሪያ ላይ አጭር ነገር ብቻ። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ግንድ ያበዛል፣ አበባ ይከለክላል። ለእርሻ የሚሰጠው ኤንፒኤስ 19-38-7 (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር) ደግሞ ፖታሽ የለውም፣ ለትንሽ መትከያም ይበረታል። የሚሻለው ከናይትሮጅኑ ይልቅ ፎስፈረሱና ፖታሹ ከፍ ያለ፣ ለምሳሌ 5-10-10 ዓይነት ፈሳሽ ማዳበሪያ ነው፤ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን ግማሹን፣ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንዴ፣ በሚያድግበት ወቅት ብቻ። ካጣችሁ የበሰለ ኮምፖስት አንድ እጅ በአሥር እጅ ውሃ በጥብጣችሁ፣ አጣርታችሁ አጠጡ።

ከተባይ የሚያስቸግረው ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ለብሶ በግንዱ ጉድጓድ ውስጥ የሚደበቀው ነው። 70 በመቶ አልኮል በነካ ጥጥ አንድ በአንድ አንሡት፤ ከበዛ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ አድርጋችሁ ወደ ማታ እርጩና በሳምንቱ ድገሙት። እምቡጥ ላይ የሚታየው የሚያጣብቅ ጠብታ በሽታ አይደለም፣ ተክሉ ራሱ የሚያወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። ጉንዳን ይጠራል፤ ጉንዳኑ እምቡጡን አይጎዳም፣ ነጩን ተባይ ግን ይጠብቀዋልና በብዛት ሲመላለስ ካያችሁ ግንዱን አገላብጣችሁ ፈትሹ። በክረምት ቀንድ አውጣ ለጋውን ግንድ ይበላል፤ ማታ ማታ በባትሪ ለቅሞ መጣል ነው።

መቁረጥን በተመለከተ፣ አሮጌና መልከ ጥፉ የሆነውን ጠፍጣፋ ግንድ ለማሳመር ብላችሁ አትጣሉት። እምቡጥ የሚያወጣው እሱ ነው። ከሥር ተነሥቶ ወደ ላይ የሚሮጠውን ክብ ግንድ ግን አንድ ሜትር ሲደርስ ጫፉን ቁረጡት፤ ከጎኑ ጠፍጣፋዎቹ ይወጣሉ።

እምቡጡ ሲመጣ ከአዲስ ግንድ መለየት ይገባል። ሁለቱም ከዚያው ከዳሩ ጉድጓድ ይወጣሉ። አዲስ ግንድ ከመጀመሪያው ሳሳ ያለና ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ እምቡጡ ድብልብል ሆኖ ጫፉ ወደ ቀይ ያደላል። ከታየበት ቀን እስከሚከፈትበት ሌሊት ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ይፈጃል፣ እንደ ሙቀቱ። ከዚህ ቀን ጀምሮ መትከያውን አታንቀሳቅሱ፣ አታዙሩም። ብርሃን የሚመጣበት አቅጣጫ ሲለወጥ እምቡጡ ከሥሩ ቢጫ ሆኖ ይወድቃል። ለማጽዳት ማንሣት ግድ ከሆነ ግድግዳውን የሚያየውን ጎን በጠመኔ ምልክት አድርጋችሁ እንደነበረ መልሱት። ሌሎቹ የመርገፍ ምክንያቶች አፈሩ ፈጽሞ መድረቁ፣ ድንገተኛ ብርድና ደረቅ ነፋስ ናቸው። ብዙ እምቡጥ ባወጣ ወጣት ተክል ላይ ጥቂቶቹ መርገፋቸው ግን የተለመደ ነው፤ ሁሉንም መቀለብ አይችልም።

የእምቡጡ ግንድ እየረዘመ ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ ከዚያ ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ጫፉ እንደ መንጠቆ ወደ ላይ ይታጠፋል። ይህ ቀኑን የምታውቁበት ዋናው ምልክት ነው። በዕለቱ ከሰዓት በኋላ እምቡጡ አብጦ፣ በቀላዎቹ ቅጠሎች መካከል ነጩ መታየት ይጀምራል፣ ጫፉም ላላ ይላል። እንግዳ የምትጠሩ ከሆነ በዚህ ሰዓት ደውሉ፤ ከዚያ በፊት የተሰጠ ቀጠሮ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ይስታል።

አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ጫፉ ላይ ጠባብ ቀዳዳ ይከፈታል። ሽታው ከአበባው ቀድሞ ይወጣል። በመጀመሪያ ቀጫጭኖቹ ቀላ ያሉ የውጭ ቅጠሎች ወደ ኋላ ይሸሻሉ፣ ከዚያ ነጮቹ ይከተላሉ፤ ተጠግቶ ላየ እንቅስቃሴው በዓይን ይታያል፣ አንዱ ቅጠል ከሌላው ሲላቀቅ አበባው በሙሉ ይንቀጠቀጣል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ርዝመቱ ከእነ ቱቦው እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ውስጡ ብዙ ወንዴ ዘንጎች በአንድ በኩል ተኝተው፣ ከመካከላቸው የሴቴዋ ዘንግ ጫፏ እንደ ኮከብ ተከፋፍሎ ይወጣል። በዋሽንግተን ሰኔ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ ሁሉም ነገር በዚያው ልክ ይዘገያል። የበረንዳ መብራት አጥፉ፤ ሌሊቱን ሙሉ ብርሃን የሚያርፍበት አበባ መከፈቱ ይዛባል። ሽታው ጠንካራ ነው፣ በተዘጋ መኝታ ቤት ውስጥ ራስ ሊያሳምም ይችላል። ንጋት ላይ አበባው አንገቱን ይደፋል።

ይህ ጊዜ የሚወሰነው በብርሃንና በጨለማ መፈራረቅ ስለሆነ ሊገለበጥም ይችላል። እምቡጡ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ቀኑን ሙሉ ብርሃን በማያስገባ ካርቶን ወይም ጨርቅ ሸፍናችሁ፣ ሌሊቱን ከአንድ ሜትር ርቀት ደማቅ መብራት አብርታችሁ ከ7 እስከ 10 ቀን ብትቆዩ አበባው በቀን ይከፈታል። ለትምህርት ቤት ልጆች ለማሳየት ይጠቅማል። ለራሴ ግን አላደርገውም፤ በሌሊቱ ማየቱ ይበልጣል።

ጥቂት ማቆየት የሚፈልግ ሰው ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ በኋላ፣ ሳይነጋ፣ ከቱቦው ጋር ቆርጦ ውሃ ውስጥ አድርጎ ፍሪጅ ያስገባው፤ በማግስቱ ለእንግዳ የሚታይ ይሆናል። በቻይና አበባውን በሾርባ ይበሉታል፤ ለዚያ የምታስቡ ከሆነ ፀረ ተባይ ያልተረጨበት መሆን አለበት።

የጠወለገው አበባ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ በራሱ ይወድቃል፤ ካስቸኮላችሁ ግንዱን ሳትቧጥጡ በመቀስ ቁረጡት። ፍሬ አትጠብቁ፤ ከአንድ ተክል የተባዙ ቁራጮች በመካከላቸው ቢዳቀሉም ፍሬ አይዙም፣ በዘር የተለየ ሌላ ተክል ይፈልጋል። ግማሽ መጠን ማዳበሪያውን ከሳምንት በኋላ እንደ ቀድሞው ቀጥሉ፣ ውሃውን አትቀንሱ። ጤነኛ ተክል በዚያው ወቅት ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር እምቡጥ ሊያወጣ ይችላልና ዳር ዳሩን መፈተሻችሁን አታቋርጡ።